ጥሩምባ ነፊ ላጣው የጥሩምባ ነፊዎች ማኅበር

ለነሐስ መሣሪያ ሙዚቀኞች የሙያ ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፤

ባለፈው እሑድ የተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን፣ ሊቀ መንበሩም ለተገኘነው ጥቂት ሰዎች ንግግራቸውን አንዲት ቃል ሳያጓድሉ ማሰማታቸውን፣ ከንግግሩም በኋላ ኬክና ለስላሳ መቅረቡን በዓይኔ አይቻለሁና፣ ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ የሚገባውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

አንዳንድ ትዕግሥት የጎደላቸው አባላት ማኅበሩ መሻሻል ይገባዋል ሲሉ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓተ ማኅበሩ በቆዳ የተደጎሰ፣ ማኅተሙም ክብና ሐምራዊ የሆነ ማኅበር ከዚህ ወዲያ ምን እንዲሆንላቸው እንደሚሹ አልገባኝም። እርግጥ ነው፣ በማኅተሙ መካከል የተቀረጸው መሣሪያ ሳክስፎን ነው፤ ሳክስፎንም፣ አዶልፍ ሳክስ የተባለው ቤልጅጋዊ ከነሐስ ቢሠራው ቅሉ፣ ድምፁን የሚያገኘው ከነፊው ከንፈር ሳይሆን ከሸምበቆ ምላስ ስለ ሆነ፣ በሙዚቃ ሊቃውንት ዘንድ ከነክላሪኔት ወገን ይቈጠራል። ይህን ለማረም የተነሣው ክርክር፣ ማለት ሳክስፎን በባሕርዩ ነሐስ ነው ወይስ በአካሉ ብቻ የሚለው፣ ይኸው ሁለት የሥራ ዘመን ፈጅቶ ገና አልተቋጨም። አባቶቻችን ያወገዙት የኬልቄዶን ጉባኤ እንኳ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተከራክሮ፣ ወስኖ ተበትኗል፤ ምናልባት አበሉ በቀን የሚታሰብ ባይሆን ነው።

የሊቀ መንበሩን ንግግር በተመለከተ ከቶ እንከን አላገኘሁበትም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ ከተላከው የነሐስ መሣሪያ ይነሣሉ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር በተጓዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም ስላዩአቸው፣ ከአርመኖች እልቂት ስለ ተረፉት እናት አባት የሌላቸው አርባ ልጆችና ስለ ማርሽ ባንዳቸው ይተርካሉ፤ የልጆቹ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው ብሔራዊ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል እንዴት እንደ ተሰማ ሲደርሱ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያን ጊዜም ኬኩ ይገባል። ስለዚህ የነሐስ ሙዚቃ ታሪካችን በየዓመቱ በዘውድ በዓል ያልቃል።

ኬኩ አንድ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ፣ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ኋላ የቆመበት ዘመን፣ ቀጥሎም በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሥራ እንዴት እንደ ዘጋው፣ ከዚያም ሦስትና አራት ነፊ ጎን ለጎን ቆሞ፣ ትንፋሹን ከባልንጀራው ትንፋሽ ጋር አስተካክሎ ያወጣ የነበረውን ድምፅ አንድ ኦርጋን ተጫዋች በሠርግ ቤት በአንድ እጁ ጣቶች እየተጫነ ማውጣት እንደ ጀመረ መነገሩ አይቀርም ነበር። ይህ ከተነገረ ደግሞ አንዱ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ታዲያ ማኅበሩ ለዚህ ምን አሰበ?» ማለቱ ስለማይቀር፣ የኬኩን ሰዓት የወሰነው ሰው ታላቅ ጥበበኛ ነው እላለሁ።

ከስብሰባው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት አባላችን የትራምፔቱ መንፊያ ከቧንቧው ተጣብቆ አልወጣ ቢለው፣ በፒንሳ ይዞ ሲጠመዝዘው ቧንቧውን አጣመመው። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራች፣ በጭብጥ የምትያዝ መንቀያ በዓለም ላይ አለች፤ በማኅበራችን ዕቃ ቤት ግን ያለው የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው። ልጁም ወደ መርካቶ ወርዶ ለአንድ ራዲያተር በያጅ አሳየ። ሰውየው የጭነት መኪናውን ራዲያተር ወደ ጎን አድርጎ፣ መንፊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ እያለ በመዶሻ እጀታ እየመታ አላቀቀው፣ ቧንቧውን አቃናው፣ የተሰነጠቀውን በየደው፤ ሁለተኛው ፒስተን ወርዶ አልመለስ ማለቱንም አይቶ በቤንዚን አጥቦ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት። ያ ፒስተን ድምፅን በግማሽ ቶን ዝቅ የሚያደርገው ነውና፣ እንደ ወረደ ሲቀር ነፊው ዜማውን ሁሉ ይስታል፤ ሠርገኛው ግን ስለ ፒስተን አያውቅም፣ ልጁ ሰክሯል ይላል እንጂ። ማኅበሩም በበኩሉ ልጁን አልዘነጋውም፤ በመስተዋት የተከደነ የምስክር ወረቀት ሰጥቶታል።

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት ግን አንድ ትሑት አሳብ አለኝ። የሠፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ አለው። ኖታ አያውቅም፣ ጥሩምባው ፒስተን የለውም፣ የሚያወጣውም አንዲት ድምፅ ናት። ጎሕ ሲቀድ በየቅያሱ እየነፋ የሟቹን ስም ሲጠራ ግን፣ ሳይረፍድ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘም መቀጫ ይከፍላል። ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ቱባ ነፊዎች የተመዘገቡበት ማኅበራችን ግን አባላቱን የሚጠራው ድምፅ በሌለው የስልክ መልእክት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ሙሴን ከብር የተቀጠቀጡ ሁለት መለከቶች እንዲያሠራ ባዘዘው ጊዜ የአነፋፉን ደንብ አብሮ ሰጥቶታል፤ ሁለቱ ሲነፉ ማኅበሩ ሁሉ እንዲሰበሰብ፣ አንዲቱ ብቻ ስትነፋ አለቆች ብቻ እንዲመጡ። ሥርዓተ ማኅበራችንን ያረቀቀው ሊቅ ይህን ምዕራፍ ማንበቡን አልጠራጠርም፤ የሁለተኛይቱን መለከት ገንዘብ ግን ዐቃቤ ንዋያችን እስካሁን አላወራረዱም።

እንግዲህ ማሻሻል ካልቀረ የምለምነው ጥቂት ነው። የመጪው ዓመት ኬክ ይቅርና በዋጋው መንቀያይቱና የፒስተን ዘይት ይገዙ፤ ለሠርግና ለምርቃት የሚጠራ ነፊ የሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ በጽሑፍ ይውጣ፣ ከዚያ በታች ተስማምቶ የነፋም እንደ እድሩ ደንብ ይቀጣ፤ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡት አዛውንት፣ ከንፈራቸው ቢደክም ጆሯቸው አልደከመምና፣ ወጣቶችን የሚያስተምሩበት አንድ ክፍል ይፈለግላቸው። ይህ ሁሉ የሥራ አመራሩን ክብር የሚነካ ከሆነ ዘይቱ ብቻ ይበቃናል፤ ሳክስፎን ፒስተን ስለሌለው በእርሱ ላይ ክርክር ይነሣል ብዬ አልሰጋም።

ወርኃዊ መዋጮዬን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ፤ ደረሰኙ ቢቻል በዚሁ ዓመት ይድረሰኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ ሁለተኛ ትራምፔት ነፊ

ግልባጭ፦
ለሠፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ፣ እንዲያውቁት
በመርካቶ ለሚገኙት ራዲያተር በያጅ፣ እንዲያስፈጽሙት