ሻለቃ

ልጅ ሳለሁ እረኛ ነበርኩ። ስለዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር የሚኖረውን የጓደኛዬን ውሻ የማየው በሙያ አጋር ዓይን ነው። ስሙ ሻለቃ ይባላል። ዘሩ የአውስትራሊያ ከብት ነጂ፣ በአገሬው አጠራር ብሉ ሂለር ነው፤ ጸጉሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ።

እኛ ቀዬ የውሻ ሥራ ቤት መጠበቅና ጅብ ሲመጣ መጮኽ ነበር። ከብቱን የምንነዳው እኛ ነን፣ በጅራፍና በስድብ። የሻለቃ ወገኖች ጅራፍም ስድብም አያሻቸውም። ድምፃቸውን አጥፍተው ከኋላ ይመጡና ላሟ ክብደቷን ያሳረፈችበትን እግር ተረከዙ ላይ ነከስ አድርገው ወዲያው መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ። ላሟ ስትራገጥ የምታገኘው አየር ነው። ይህን ብልሃት በጊዜው አውቄው ቢሆን ኖሮ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ባልኖረ።

ብልሃቱ ባለቤት አለው። ቶማስ ሆል የተባለ የኒው ሳውዝ ዌልስ ከብት አርቢ አጥር በሌለው አገር መንጋውን እስከ ሲድኒ ገበያ የሚያስነዳበት ውሻ ቸገረው፤ ከእንግሊዝ የመጡትን ሙቀቱና ርቀቱ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ከኖርዘምበርላንድ ያስመጣቸውን ውሾች ከአገሬው የዱር ውሻ ከዲንጎ ጋር አዳቀለ። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ የሚፈልገውን አገኘ። ሲያገኝም ዝም አለ! ሆል በ1870 እስኪሞት ድረስ ውሾቹ ከቤተሰቡና ከቅርብ ሰዎቹ እጅ እምብዛም አልወጡም። ነጋዴ ነው፣ አልፈርድበትም።

ችግሩ ፉትስክሬይ ላም የለም። ሥራ ያጣ ብሉ ሂለር ደግሞ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ልጆቹ ወደ ጓሮ ተበተኑ፣ አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃችንም «ሰዓት ደረሰብኝ» ብሎ ተነሳ። ሻለቃ አላስቻለውም። ሁሉንም በየቁርጭምጭሚታቸው እየጎነተለ ወደ ረከቦቱ ሰበሰባቸው። ታክሲ ነጂው በረካ ሳይጠጣ አልወጣም። በረካን እንዲህ ያስከበረ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

መድኃኒቱ ማድከም ነው፤ ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ኳስ፣ በመሃል ጭንቅላቱን የሚያሠራበት ጨዋታ። መንከሱንም ገና በቡችላነቱ ወደ ኳስ ካላዞሩት ለቤተሰቡ በሙሉ ቦት ጫማ መግዛት ይመጣል። የቀረው ቀላል ነው። ጸጉሩ አይቆረጥም፤ በሳምንት አንዴ ማበጠር ይበቃዋል፣ ገላውንም ሲቆሽሽ ብቻ ማጠብ። ጸጉር በሚቀይርበት ወቅት ግን እዚያ ቤት ነጠላ ለብሶ መሄድ ድፍረት ነው።

ቡችሎቹ ሲወለዱ ነጭ ናቸው፣ ቀለሙ በኋላ ይወጣል። አንዳንዶቹ በአንድ ወይም በሁለቱም ጆሯቸው መስማት ተስኗቸው ስለሚወለዱ ገዢ የጆሮ ምርመራ ማስረጃ መጠየቅ አለበት። ጓደኛዬ ጠይቋል። ሻለቃ ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ሲጠሩት የማይመጣው ስላልፈለገ ነው።

ከዚሁ ዘር ብሉይ የተባለ የቪክቶሪያ ውሻ ከብትና በግ ሲነዳ ኖሮ በ1939 ሲሞት ዕድሜው 29 ዓመት ከ5 ወር እንደነበር በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ጓደኛዬ ይህን ሲያወራ ፊቱ በራ። ባለቤቱ ግን የሻለቃን ዕድሜ ከ29 ላይ በጣቷ ስትቀንስ አየኋት።