ስለ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ፦ በመንዝና በመርሐቤቴ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ ሰሜን ሸዋ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲጻፍ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ብራናውና ስለ ነገሥታቱ ይጻፋል። ጎብኚው ከደብሩ ደጃፍ ደርሶ ቀኑን በሙሉ የሚያሳልፍበት ጉዳይ ግን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ጉዳዩ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ታስቦ የቀረበ ነው።

የጥናቱን አካባቢ ማስተዋወቅ ወግ ነውና፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ጣርማ በር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ መንዝ ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ ምድር እየተባለ የሚከፈለው ይህ ደጋ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ ቁልፍ መጠበቅ ብርታት ይጠይቃል። መርሐቤቴ በጀማ በኩል ወደ ቆላው ስለሚወርድ እዚያ የሚጠበቀው ላብ እየተጠረገ ነው። ቁልፉ ግን በደጋም በቆላም እኩል አይገኝም።

ነገሩ ሁልጊዜ በልጅ ይጀምራል። በአጥሩ ጥግ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በግ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

«ዕቃ ቤቱ ይከፈታል?»

«ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ጋ ነው።»

«ቄሰ ገበዙስ?»

«ገበያ ሄደዋል።»

ቀጥሎ «ቤታቸው እዚህች ናት» ይልና በአገጩ ማዶ ያለውን ተረተር ያሳያል። በአገጭ የተጠቆመ ቦታ በእጅ ከተጠቆመው እንደሚርቅ በመስክ ተረጋግጧል።

ደግሞ ቁልፉ አንድ አይደለም። በብዙ አድባራት በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ዝገት የበላው፣ አንዱ የቻይና፣ አንዱ ገና ዘይቱ ያልደረቀ። የአንደኛው ቁልፍ በቄሰ ገበዙ፣ የሁለተኛው በአስተዳዳሪው፣ የሦስተኛው ከሰበካ ጉባኤው በተመረጠ ምእመን እጅ ነው። ኃያላን መንግሥታት ኑክሌር ሚሳይላቸውን በሁለት ሰው ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ ደብሩ በአንድ ይበልጣቸዋል። ሦስቱ ባለ ቁልፎች ያለ ቀጠሮ የሚገናኙት በንግሥ ቀን ሲሆን፣ በንግሥ ቀን ለእንግዳ ዕቃ ቤት ልክፈት የሚል የለም።

ደብዳቤም አለ። ከቤተ ክህነት የተጻፈ ይዞ የመጣ የባህልና ቱሪዝም ይጠየቃል፣ የባህልና ቱሪዝም የያዘ የቤተ ክህነት። ሁለቱንም የያዘ ሰው ማኅተሙ ደብዝዟል ይባላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ ይጥልበታል፤ ስለ ገበያ ቀን ዝም ይላል።

የጥናቱ ዋና ግኝት የተገኘው በመጠበቅ ላይ ሳለን ነው። እንግዳ ደጅ አይቆምምና አቅራቢያው ካለ ቤት ይገባል፤ የገብስ ቆሎና ጠላ ይቀርባል። ጥያቄው ቀስ ብሎ ይመጣል። «የማን ልጅ ነህ?» «እናትህስ ከወዴት ናት?» «አያትህ ጌራ ነው ወይስ ላሎ?» ጎብኚው ስለ ደብሩ አንድም ነገር ሳያውቅ ደብሩ ስለ እሱ እስከ ሰባት ቤት ያውቃል። ሊጎበኝ መጥቶ ተጎበኘ ማለት ነው። አያቱ ከጌራ ምድር መሆናቸው እንደተነገረ ደግሞ ገበያ ሄደዋል የተባሉት አባት ከጓሮ ይመጣሉ። ከገበያ በዚህ ፍጥነት መመለስ እንዴት እንደሚቻል ፊዚክስ ያስረዳ፤ እኛ የመዘገብነውን ነው የምናቀርበው።

እንግዲህ ቁልፉ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በመንዝ እንግዳን «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሆነ ቁልፉ በባለቤቶቹ ምትክ ይናገራል። ለዚህ ደግሞ በቂ ታሪካዊ ምክንያት አለ። በ1831 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የተላከው ጀርመናዊው ክራፍ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ገባ፤ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ሲሄድ ብራናዎቻችንም ወደ አውሮፓ አብረው ሄዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ብራናውንም ታቦቱንም ጭኖ ሄደ። ከእነዚያ ታቦታት አንዱ በኤድንብራ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በአጋጣሚ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። አንዱ ደግሞ በለንደን ዌስትሚንስተር አቤይ ተቀምጧል። የአንግሊካን ካህናት ለመመለስ በመርሕ ደረጃ እንደተስማሙ እ.ኤ.አ. በ2024 ተሰምቷል። ዘመድ ሳይጠየቅ የተገባበት ቤት እንዲህ ይሆናል።

ለንጽጽር ያህል፣ በእንግሊዝ ገጠር ብዙ ምእመን የሌላቸው አሮጌ ቤተ ክርስቲያኖች በር ላይ «ቁልፉ እዚያኛው ቤት ይገኛል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ጎብኚው ያንኳኳል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ ብቻውን ገብቶ ይወጣል፣ ቁልፉን ይመልሳል። የአያቱን ስም የሚጠይቀው የለም። ሥርዓቱ ለጎብኚ ምቹ መሆኑን አንክድም፤ ቅዳሴ የሚቆመው ሰው ግን እዚህ ይበዛል።

ወደ ሸዋ እንመለስ። አባ ባናቸውን እንደተከናነቡ ይደርሳሉ። ደረታቸውን ፈልገው የቆዳ ጠፍር ይስባሉ፤ ከጠፍሩ ጫፍ ላይ መስቀል፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ የእሾህ ጉጠትና ቁልፉ አሉ። ጎብኚው በዚህ ጊዜ ሲያየው ቁልፉ ጠዋት ከነበረበት አልራቀም። የዛገው ጓጉንቸር በሦስተኛው ትንፋሽ፣ ሌሎቹ ሁለት ደግሞ ባለ ቁልፎቻቸው ሲመጡ ይከፈታሉ። ውስጡ የዕጣንና የጭስ ሽታ አለው። በነጠላ የተጠቀለለ ወንጌል ይወጣል፣ ይሳለሙታል፣ ሁለት ገጽ ይገለጣል፣ ይጠቀለላል።

መጠበቅ የማይወድ ተመራማሪ ሌላ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከሸዋና ከሌሎች አካባቢዎች አድባራት በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ከካታሎጋቸው አብዛኛውን ያሰናዱት የሸንኮራው ሰው ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የደብሩን መጽሐፍ ከደብሩ ይልቅ በሚኒሶታ ማንበብ ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠላ ግን አይቀርብም።

ለቀጣይ ጥናት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እስካሁን ተመራማሪዎች ሁሉ በቀጥታ ወደ ደብሩ መሄዳቸው የአሠራር ጉድለት ይመስለናል። መጪው አጥኚ በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ ገብቶ በግ ተራውንና ገብስ ተራውን ይዙር፤ የወረዳው ቁልፍ ሁሉ፣ በተነገረን መሠረት፣ ያለው እዚያ ነው።