ጅብ ከሄደ የጮኸ ስልክ

«በካምፓሳችን አደጋ ከተነሳ መልእክቱ በሰኮንዶች ውስጥ በየተማሪው ስልክ ይደርሳል» ትሉናላችሁ፣ እናንተ የአሜሪካ ኮሌጅ አስተዳዳሪዎች። አዎ፣ ከተላከ በኋላ ይደርሳል። እስኪላክ ድረስ ስንት ኃላፊ መሰብሰብ አለበት? የእኛ ጥያቄ እሱ ነው።

ኤፕሪል 16 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ቴክ ላይ የሆነውን አልረሳነውም። ከጠዋቱ 1፡15 ገደማ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ሁለት ሰዎች በጥይት ተመቱ። የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ለመላው ግቢ ማስጠንቀቂያ በራሱ የሚልክበት መንገድ አልነበረውም፤ የበላይ ኃላፊዎች ተሰብስበው እስኪወስኑ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ኢሜይሉ የወጣው 3፡26 ላይ፣ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። እሱም ቢሆን ተኩስ እንደነበርና ፖሊስ እየመረመረ እንደሆነ ገልጾ «ተጠንቀቁ» አለ እንጂ ሰው መሞቱንም፣ ገዳዩ አለመያዙንም አልተናገረም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገዳዩ ኖሪስ በተባለው ሕንጻ ተኩስ ከፍቶ 30 ሰው ጨረሰ።

«ያ የድሮ ታሪክ ነው፤ ሕጉም መሣሪያውም ተሻሽሏል» ትላላችሁ። ሕጉስ በእርግጥ ተሻሽሏል። በ1986 በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያዋ ውስጥ በተገደለችው በጂን ክሌሪ ስም የሚጠራው የ1990 ሕግ፣ በ2008 ተጠናክሮ፣ ኮሌጆች አደጋው እንደተረጋገጠ ሳይዘገዩ እንዲያስጠነቅቁ ያዛል። ታዲያ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2023 ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጀመሪያው መልእክት ከ10 ደቂቃ በላይ አለፈ። ስልኩ ሲጮኽ ገዳዩ በሁለት ሕንጻ ሦስት ተማሪዎችን ገድሎ ወጥቷል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«ሩጡ፣ ተደበቁ ብለን እንመክራለን» ትላላችሁ። የት ይደበቁ? በኖሪስ ሕንጻ የመማሪያ ክፍሎቹ በር ቁልፍ አልነበረውም። ከናዚዎች እልቂት የተረፉት ፕሮፌሰር ሊቪዩ ሊብሬስኩ በሩን በገላቸው ደግፈው ተማሪዎቻቸው በመስኮት ሲዘሉ እሳቸው ሞቱ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 28 ቀን 2023፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል ላይ ማስጠንቀቂያው በፍጥነት ወጣ፤ ፍጥነቱን እናመሰግናለን። ነገር ግን መልእክቱ ደርሷቸው የክፍላቸውን በር መቆለፍ ያልቻሉ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። «በር ዝጉ» ከማለት በፊት የሚዘጋ በር ይሠራል።

«ስልክ የማይዝ ተማሪ የለም» ትላላችሁ። ክፍል ሲገባ ስልክህን ዝጋ የሚለው ማን ሆነና? ፈተና ላይ ስልኩን ሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠውስ? ምድር ቤት ባለው ቤተ ሙከራ ኔትወርክ ለማይደርሰው ተማሪ ምን አሰባችሁ? ሌሊቱን ሥራ አድሮ ቀን ለሚተኛው፣ ቁጥሩን ቀይሮ ላላስመዘገበው፣ ወለል ለምታጸዳው የኮንትራት ሠራተኛ፣ ልጁን ሊጠይቅ ለመጣው አባትስ? ድምፅ ማጉያና ሳይረን የማንንም ቁጥር አይጠይቁም።

«ከምንም ይሻላል» ትላላችሁ። የተሳሳተ መልእክት አንዳንዴ ከምንም ይከፋል። ኖቬምበር 28 ቀን 2016 ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ አንድ ሰው ሰዎችን በመኪና ገጭቶ በቢላ አሳደደ፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ወደቀ። ለተማሪዎቹ የደረሰው መልእክት ግን ተኳሽ ግቢው ውስጥ እንዳለ ነገራቸው። የተተኮሰው የፖሊሱ ጥይት ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ወንበርና ጠረጴዛ በር ላይ ደርድረው፣ ቀድሞ የሞተን ሰው ፈርተው ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ያ ሰዓት በወላጅ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ ከልጁ ቃል ሲጠብቅ የቆየ ወላጅ ያውቀዋል።

«ስንጣደፍ እንሳሳታለን፣ ስናጣራ እንዘገያለን፤ ምን እናድርግ?» ትላላችሁ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦገስት 21 ቀን 2025 ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎቹን በቅዳሴ እየተቀበለ ሳለ «ተኳሽ ገብቷል» የሚል የሐሰት ጥሪ ግቢውን በተነው፤ በዚያው ቀን ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቻታኑጋ ላይም ተመሳሳይ ሆነ። ውሸታም ደዋይ የእናንተን መሣሪያ የራሱ መሣሪያ አድርጎታል። መልሳችን ይኸው፦ የምታውቁትን ወዲያው ተናገሩ፤ ያልተረጋገጠውን «አልተረጋገጠም» በሉ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም በየጥቂት ደቂቃው ድምፃችሁን አሰሙ፤ ስትሳሳቱ ደግሞ እርማቱ እንደ ማስጠንቀቂያው ይፍጠን።

«የተጠርጣሪውን መልክ እንገልጻለን» ትላላችሁ። «ጥቁር፣ ወንድ፣ ወጣት» ብሎ ማቆም መልክ መግለጽ አይደለም፤ ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣውን የእኛን ልጅ ተጠርጣሪ ማድረግ ነው። ተማሪዎች አቤት ብለው፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2015፣ የመልክ መግለጫው አንድን ሰው ለይቶ ለማወቅ ካልበቃ በወንጀል ማስጠንቀቂያ ላይ እንዳይወጣ ወሰነ። እዚያ የተቻለ ሌላም ቦታ ይቻላል።

ማስጠንቀቂያው ይቅር አላልንም። በጊዜው የደረሰ አንድ መስመር ነፍስ ያድናል፤ የምንቆጣውም ለዚሁ ነው። የማንቀበለው መተግበሪያ ገዝቶ ኃላፊነትን ተወጣሁ ማለትን ነው።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ ልጆቻችሁን ኮሌጅ የምትልኩ እናቶችና አባቶች፣ የዩኒቨርሲቲው ጉብኝት ላይ ስለ ምግብ አዳራሹና ስለ ስታዲየሙ ሲነግሯችሁ አቋርጧቸውና ጠይቁ። በሌሊት ተረኛ የሆነው ፖሊስ ማንንም ሳያስፈቅድ ማስጠንቀቂያ መላክ ይችላል? የልጄ ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፋል? ስልክ ለሌለው ሰው ድምፁ በምን ይሰማል? ሦስቱንም በግልጽ ሳይመልስላችሁ ልጃችሁን ለማንም ኮሌጅ አትስጡ።