በእንተ ሰንጢ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሊመርጣቸው ስለሚገቡ ነገሮች ምክር ሞልቶለታል። ሚስት ሊያጭ ለተነሣ ጎረምሳ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሰባት ትውልድ ይቆጥርለታል፤ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን፣ እጁን ሰድዶ ሻኛውን የሚያይለት ሽማግሌ አያጣም፤ የነፍስ አባት ለመያዝ ያሰበ ሰው እንኳ የትኛው ቄስ ቀኖና እንደሚያከብድ፣ የትኛውስ እንደሚያቀል ሹክ የሚለው ጎረቤት አለው። ዕድሜውን ሁሉ ባዶ ኪስ ይዞ ኖሮ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያይቱን ትንሽ ሰንጢ ሊገዛ የተነሣ ሰው ግን፣ እኔ እንደ ታዘብሁት፣ ከተግሣጽ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

ምክንያቱ ሰንጢ ስሟ የጠፋ መሆኑ ነው። ካራ የጓዳ ነው፤ ማጭድ የማሳ ነው፤ ጎራዴም የመኳንንት ነበረ፤ ሰንጢ ግን ታጥፋ ኪስ የምትገባ፣ ስትፈለግ ብቻ ብቅ የምትል በመሆኗ ከዱርዬ ጋር ተቆራኝታ ቀረች። በወንጀል ዜና ካልሆነ በቀር ስሟ አይነሣም፤ ብርቱካን በሰላም ልጣ ስለ ገባች ሰንጢ የጻፈ ጋዜጠኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚህም ላይ አገሩ ቢቸና ነው። በላይ ዘለቀ ከነጓዶቹ ከጣልያን ጋር አምስት ዓመት በተዋደቀበት ምድር የወንድ መሣሪያ የሚባለው ቢያንስ ቢያንስ ምንሽር ነውና፣ ከኪሱ የጣት ርዝመት ያላት ስለት የሚያወጣ ጎልማሳ ወይ ይፈራል፣ ወይ ይሳቅበታል። እኔ ሁለቱንም አልተመኘሁም፤ የተመኘሁት መፋቂያዬን የምቀርጽባት፣ ሸንኮራዬን የምልጥባት፣ የማዳበሪያ ከረጢት አፍ በተሰፋ ቁጥር ጥርሴን ከመዋስ የምታሳርፈኝን ብቻ ነበር።

ነገሩን ወደ መጻሕፍት የወሰድነው እንደ ሆነ ስለት በራሱ የተወገዘ አይደለም። አባታችን አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ እሳቱንና መጥባሕቱን በእጁ ይዞ ነበር፤ በዕፀ ሳቤቅ ቀንዱ የተያዘው በግ ባይገኝ ኖሮ ነገሩ ወዴት ይደርስ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ኦሪት እንጨቱን፣ እሳቱንና መጥባሕቱን ሳታስቀር ከቈጠረች በኋላ፣ የመጥባሕቱ እጀታ ምን ዓይነት ኅብር እንደ ነበረው ሳትነግረን አለፈች፤ በዚህም ምክንያት ከእኔ በፊትም ሆነ ከእኔ በኋላ ሰንጢ የሚገዛ ሁሉ ያለ ትርጓሜ ቀርቷል። በእኛም አገር ቢሆን ቢቸናን በቅርብ የሚጎራበቷት ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም የያዟቸው የብራና መጻሕፍት ያለ ስለት አልተጻፉም። ጸሐፊው የመቃ ብርዑን በስለት ይቀርጻል፤ ጫፉን ይሰነጥቃል፤ ሲዶለዱም እንደገና ያቀጥነዋል፤ እጁ የሳተው ፊደል ቢኖርም በዚያው ስለት ብራናውን ፍቆ ኃጢአቱን ይደመስሳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው ቢቸና ገበያ ከአንድ ልጅ እግር ነጋዴ ፊት የቆምሁት። ላስቲክ አንጥፎ የጥፍር መቁረጫውን፣ የመርፌ ቁልፉን፣ ማበጠሪያውንና የእጅ ባትሪውን በየወገኑ ደርድሯል፤ ከዳር በኩል ሰንጢዎቹ ተጋድመዋል፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

«ጥቁሯን ይውሰዱ ጋሼ፤ ለትልቅ ሰው ጥቁር ነው የሚያምረው» አለኝ።

ልጁ ቢቸና ተወልዶ የቢቸናን አፈር የረሳ መሰለኝ። ክረምት ገብቶ ያ ጥቁር ዋልካ ጫማን ከነእግር ይዞ በሚያስቀርበት ጊዜ ጥቁር ሰንጢ ቢወድቅበት፣ በበጋ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ ራሱ መልሶ ካልሰጠ በቀር ማን ያገኛታል? ባለ እንጨት እጀታዋ ቡናማ ደግሞ በጤፍ አገር ከአውድማ ጭድ መካከል የገባች እንደ ሆነ ቀጥሎ የምትገኘው በበሬ ሆድ ውስጥ ነው። አረንጓዴዋ ከጎጃም ገበሬ ቁምጣና ኮት ጋር ኅብሯ ይስማማል፤ ዳሩ ግን በዚያው መጠን ከሣሩም ጋር ትስማማለች። ቢጫዋ በእውነት ዓይን ትስባለች፤ ሆኖም መስከረም ጠብቶ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው ከአበባው ማን ለይቶ ያነሣታል? ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳብራራ ልጁ ሲሰማኝ ከቆየ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ሰንጢ ነው የሚገዙት ወይስ ማሳ?» ሲል ጠየቀኝ።

ቀይዋን አነሣሁ። ከዋልካው ላይ ትታያለች፣ ከጭዱም ከሣሩም ትለያለች፤ በርበሬ ከተሰጣበት ግቢ በቀር የምትሰወርበት ቦታ አልታየኝም። በጥፍሬ ስለቷን ሳብሁት፤ እንደ መክበድ ብሎ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስም ቀጭ ብሎ ቆመ፤ ግራና ቀኝ ብወዘውዘው ምስማሩ ላይ አልተላወሰም። ይህ መልካም ምልክት ነው። በእጀታዋ ላይም ትንሽ ነጭ መስቀል ታትሞባታል።

«መስቀል አለባት፣ ኦርጅናል ናት» አለኝ ልጁ። መስቀል ያለበት ሁሉ ኦርጅናል ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ከጉባኤ ኬልቄዶን ጋር ባልተጣሉ ነበር ብዬ ዝም አልሁና ዋጋዋን ጠየቅሁ።

«አራት መቶ።»

«ጥቁሯስ?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«ብረቱ አንድ፣ ርዝመቱ አንድ፤ መቶ ሃያው የምንድን ነው?»

«የቀለሙ ነዋ ጋሼ! ማሳውን ሁሉ አዳርሰው የመረጧት እርስዎ አይደሉም?»

እንዲህ ያለ መልስ ከተመለሰለት በኋላ የሚከራከር ሰው ካለ እርሱ ከእኔ የበረታ ነው፤ ሃያ ብር ብቻ አስቀንሼ ከፈልሁ።

ያ መስቀል በመሠረቱ የስዊሶች ነው። ካርል ኤልዜነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1884 ኢባኽ በተባለች መንደር የሥራ ቤቱን ከፈተ፤ በ1897 ሰኔ 12 ቀን ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ፤ እናቱ በ1909 ስትሞት ስሟን ቪክቶሪያን ለድርጅቱ ሰጠ፤ በ1921 ደግሞ የማይዝግ ብረት መጠሪያ የሆነው «ኢኖክስ» ተጨምሮበት ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ቀዩ እጀታ በረዶ ላይ ሲወድቅ እንዲታይ ነው ይላሉ፤ እንግዲህ እነርሱ ስለ በረዶ ያሰቡትን እኔ ስለ ዋልካ ማሰቤ ነው። ከሰንጢዎቻቸው ትንሿ፣ 58 ሚሊ ሜትር የሆነችው፣ ከስለቷ ሌላ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ፣ የጥርስ እንጨትና ወረንጦ በሆዷ ይዛለች። ለዚህ ብልሃት ፈረንጅን ሳደንቅ እናቴ ሰምታ፣ የርሷ እናት ወረንጦውንና የጆሮ ኩክ ማውጫውን በማተቧ አንጠልጥላ ትኖር እንደ ነበረና ለዚህም ማንም ሽልማት እንዳልሰጣት አስታወሰችኝ። ፈረንሳዮችም በበኩላቸው ከ1890 ጀምሮ የሳቩዋው ጆዜፍ ኦፒኔል በቀየሰው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ይኰራሉ፤ ስለቱ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚቈልፈው ቀለበት ግን የመጣው በ1955 ነው። እስከዚያ ድረስ የስንቱ ሳቩዋዊ ጣት እንደ ተቈነጠጠ እግዚአብሔር ይወቅ።

የአገራችንም ባለ እጅ ቢሆን ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ቀጥቃጩ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ አግሎ፣ ደብድቦና ውኃ አጠጥቶ የሚያወጣው ካራ ከገበያዋ ሰንጢ ይልቅ ስለቱ ይጠናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ያለ ነገር አልነበረም፤ በቀጥቃጩ ማጭድ እያጨደ፣ በማረሻው እያረሰ፣ ሠሪውን የሚያንቋሽሽ አገር ከመሣሪያው ጋር ዕርቅ የለውም።

ሰንጢዬን ይዤ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ወጣሁ። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንዳሠራችው ከሚነገርለት ከሞጣ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ በልጅነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ ቅኔም ሊያስተምሩኝ ሞክረው የተውኝ የኔታ አሉ። እግራቸውን ስሜ ከተቀመጥሁ በኋላ ትርንጎ ቀረበና ሰንጢዬን መዘዝሁ።

«ማንን ወግተህባት ነው ልጄ እንዲህ የቀላችው?» አሉኝ።

«አሠራሯ ነው የኔታ፤ እንዳትጠፋብኝ ቀይ መረጥሁ።»

«ቀይ ቀለም የጌታ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል፤ ትርንጎ መላጫ ይቀባበታል ሲባል አልሰማሁም።»

«ስማቸውስ በቀይ የሚጻፈው አንባቢ ዓይኑ እንዳይስተው አይደለም የኔታ? የእኔም ዓይን እንዳይስታት ብዬ ነው።»

የኔታ ፈገግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ከጥግ መቃ አስመጥተው፣ በግራ አውራ ጣታቸው ደግፈው፣ ሰንጢዋን በሰያፍ አሳርፈው ሳቧት። አልቈረጠችም፤ አኘከችው። መቃው ጫፉ ተተርትሮ እንደ ጭራ ሆነ። አገላብጠው አዩአትና፣

«ሰሙን አሳምረህ ገዝተሃል፤ ወርቁን ግን ሄደህ ከድንጋይ ላይ ፈልገው» ብለው መለሱልኝ። የቅኔ መምህር ናቸውና ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም፤ ደጃቸው ላይ ካለው ድንጋይ ውኃ እያርከፈከፍሁ ስስላት ዋልሁ፤ ወደ ማታም ያው መቃ በአንድ ስበት ተቀረጸላቸው።

ከዚያ ወዲህ የቀለሙን ነገር በተግባር አየሁት። ጥቁር ሰንጢ ከኪስ ብትወጣ ጎረቤት በር ይዘጋ ነበር፤ ቀይዋ ስትወጣ ግን በር ይከፈታል። አሮጊቷ እትዬ የፈትላቸውን ክር ሊያስበጥሱ ይልኩባታል፤ የገና ዱላ የሚጠርብ ልጅ «ጋሼ፣ ያችን ቀይዋን ያውሱኝ» ይላል፤ ዋሽንት የሚበሳ እረኛም እንዲሁ። ሰፈሩ ሁሉ የማን እንደ ሆነች ስለሚያውቅ የተዋሳት ሳይወድ በግዱ ይመልሳታል፤ ሊክዳት ቢያስብ እንኳ ምስክሯ ከእጀታዋ ላይ ነው። ክፉ ሥራ የሚሻ ሰው ከሩቅ የምትታይ መሣሪያ አይገዛም፤ ስለዚህም ደማቅ ቀለም ለሰንጢ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመልካም ጠባይ ዋስ ነው ብዬ ቈርጫለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያ ሰንጢህን ልትገዛ ያሰብህ እንደ ሆነ ከመዳፍህ የማትበልጠውን ምረጥ፤ ምስማሯ እንዳይላወስ፣ ስለቷም ሲከፈት እንዳይዋዥቅ ፈትሽ፤ ለሌላ ሰው ስትሰጥ አጥፈህ ስጥ፤ ፍተሻ ወዳለበት ስትሄድ ቤት ትተሃት ሂድ፤ በወር አንድ ጊዜም ድንጋይ አስነካት። ቀለሟን በተመለከተ የምትኖርበትን አገር አፈርና ሣር ተመልክተህ ከሁለቱ ጋር የማይመሳሰለውን አንሣ፤ ነጋዴው ለቀለሙ መቶ ብር ቢጨምርብህም ክፈለው፤ ጠፍታ ሁለተኛ ከመግዛት ይረክስልሃል።