ቀጠሮን በእንግሊዝኛ የማፍረስ ዘዴ

ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ፣ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው ዛሪማ፣ ቀጠሮን በአማርኛ ማፍረስ ያስቸግራል፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የተባለ ሰው ሰዓቱን ያውቀዋልና። ይሁንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዶችን ስለሚስብ፣ አርፍዶ መከበር የሚሻ ሰው ሰዓትን በእንግሊዝኛ መናገር ሊለማመድ ይችላል።

መነሻው የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። የኢትዮጵያው ሰዓት ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ሲቆጥር የአውሮፓው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር፣ ጀማሪው «ትወልቭ ፒኤም» ብሎ ቢቀጥር ይበቃዋል፤ ትርጉሙ እኩለ ቀን፣ ማለትም 6 ሰዓት ቢሆንም ሰሚው የምሽቱን 12 ሰዓት ይጠብቃልና። «ማክሰኞ፣ ዋን ኤኤም» የሚል የአውሮፕላን ትኬት የያዘ መንገደኛ ደግሞ ሰኞን ተኝቶ ይደር፣ ማክሰኞ ማታም ሻንጣውን ያዘጋጅ፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የሚለውን የማያሻማ አነጋገር ከአያቶቹ መስማቱን ግን ይርሳ።

ቀጥሎ «ባይ ፍራይዴይ» እና «አንቲል ፍራይዴይ» ይደባለቁ። የመጀመሪያው ሥራው ከዓርብ ሳያልፍ እንዲጠናቀቅ፣ ሁለተኛው እስከዚያ ቀን እንዲቀጥል የሚያዝ ሲሆን፣ የአማርኛው «እስከ ዓርብ» ሁለቱንም ስለሚሸከም፣ ሰነድ አስረክብ የተባለ ሠራተኛ እስከ ዓርብ ሲጽፍ ቆይቶ ሰኞ ይዞት ሊመጣ ይችላል። «ኢን ቱ አወርስ» የሚለውም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማለት ሲሆን፣ «በ2 ሰዓት» ተብሎ ቢተረጎም ባለቀጠሮው በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል። የተባለውን ሰዓት መጠበቅን የሚገልጸው «ኦን ታይም» እና ነገሩ ሳያመልጥ መድረስን የሚገልጸው «ኢን ታይም» ልዩነታቸው ለዘግይቶ መጪ አይጠቅምም።

ከሁሉ የላቀው መሣሪያ ግን «ኦን ዘ ዌይ» ነው። በመንገድ ላይ መሆንን ስለሚገልጽ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ ሊነገር ይገባዋል። ስልኩ ሁለተኛ ሲጮህ «ፋይቭ ሚኒትስ» ይባል፤ ሦስተኛ ሲጮህ አይነሣ፤ አራተኛ ሲጮህ የኔትወርክ ችግር ይጠቀስ። ደዋዩ «የት ደረስክ?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ «ኦልሞስት ዜር» ተብሎ ጫማ ይታሰር። ከተራራው በእግር ወርደው አዲ አርቃይ የደረሱ እንግዶች፣ አስጎብኚያቸውና ከሌሊት ጀምሮ የለፋው በቅሎ ነጂ መኪናውን በጠራራ ፀሐይ የሚጠብቁት በዚህ ቃል ታምነው ነው፤ በእነርሱ ድካም ላይ መተኛት ቋንቋ አለማወቅ ሳይሆን ሰውን መናቅ ነው፣ የሚያሳፍርም ነው! ጨለማ ሳይዘው ሊማሊሞን ሊወጣ ያሰበ ሹፌር የሚከፍለው ዋጋ በይቅርታ አይመለስም።

ወደ ሥልጠናው ለመመለስ፣ አርፋጁ ሲደርስ «የሐበሻ ቀጠሮ» ብሎ በፈገግታ ይግባ፤ በዚህም ዘዴ ከንጋት በፊት መናኸሪያ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ የጥፋቱ ተካፋይ ይሆናል። መኪናው ሄዶ ቢጠብቀው አይደንግጥ፤ አዲሱን ቀጠሮ «ቱሞሮው፣ ሴም ታይም» ብሎ ይያዝ፤ ትናንት የተቀጠረበትን ሰዓት ወይስ የደረሰበትን ማለቱ እንደሆነም አይናገር።