ወለሉን የሚያውቅ ሰው

አንድ ቤት አራት ዓይነት ወለል ሲኖረው፣ ስለ ጽዳቱ የሚመክረው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ፒያሳ አካባቢ ተከራይተን የገባንበት አሮጌ ቤት እንደዚያ ነበር፤ ሳሎኑ ጣውላ፣ ኮሪደሩና ጓዳው ሊሾ፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ የመግቢያው ደረጃ ደግሞ እብነበረድ። ዕቃ ሳናወርድ ምክሩ ጀመረ። አንዱ ጎረቤት «ጣውላ በደንብ ካልራሰና ካልታሸ እድፉን አይለቅም» አሉ። ሌላው ናፍጣ ቀቡት፣ ምስጥም አይደርስበትም አሉ። አክስቴ ያለ ሰም ሊሾ ምኑን ሊሾ ሆነ ብለው ተቆጡ። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር በረኪና ነው፤ በረኪና የማይፈታው ነገር የለም ተባልን።

መከራው በጣውላው ጀመረ። ጊዜው የፋሲካ ዋዜማ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው፣ ቧንቧው ሲንፎለፎል ያ ቀን ለቤቱ ሁሉ ሠርግ እንደሆነ ያውቃል። ለበዓሉ ጽዳት የጠራናት ሴትም ጀሪካኑንና በርሜሉን ከሞላች በኋላ የተረፈውን በባልዲ እየቀዳች ሳሎኑ ላይ ደፋችው፤ በዱቄት ሳሙና አሸችው፣ ደግማ አለቀለቀችው። ማታ ወለሉ ሲታይ ያምር ነበር። ግን በጣውላዎቹ መሃል ባለው ስንጥቅ የገባው ውሃ ወደ ታች ወርዶ ተኝቷል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፤ ማበጫ ቦታ ሲያጣ ደግሞ ጠርዙን ወደ ላይ ያነሳል። በበዓሉ ማግስት የሳሎኑ በር ወለሉን እየፋቀ አልከፈት አለ። እንግዶቻችን ድፎ ዳቧቸውን እንደያዙ በማድ ቤት በር ዞረው ገቡ፤ አናጺ መጥቶ የበሩን ታች በመላጊያ እስኪያነሳልን ድረስም መግቢያችን እሱ ሆነ።

ሊሾው የራሱ ታሪክ አለው። ቀይ ቀለም ተቀላቅሎበት በማንኪያ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ዘይትም ቡናም ይመጥጣል፤ ሰሙ የሚጠቅመው እነዚያን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ነው። በልጅነታችን የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ እግራችን ላይ ጠምጥመን ከጫፍ ጫፍ እየተንሸራተትን እናበራው ነበር። የዚያ ቤት ሊሾ ግን አሮጌው ሰም ሳይነሳ፣ አቧራው በወጉ ሳይጠረግ፣ አዲስ ሰም ላዩ ላይ ሲደራረብበት የኖረ ነው። ቀዩ ጠቁሯል፤ ሰሙም ወፍራም ስለሆነ ያዳልጣል። አክስቴ ሊጠይቁን መጥተው ኮሪደሩ ላይ አዳለጣቸው፤ የእጃቸው አንጓ ዞረ። ወጌሻ እየተመላለሰ እስኪያሻቸው ድረስ እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ከረሙ። የሚያበራ ወለል ሁሉ የጸዳ ወለል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሁሉም የባሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የደረሰው ነው። የወንድሜ ሚስት ልታግዘን መጥታ ሴራሚኩ ላይ በረኪና አፈሰሰች። የሽንት ቤቱ ሥር የነበረው ቢጫ ዝገት አልለቅ ሲላት በአሲድ የተሠራውን ማጽጃ ጨመረችበት። ጠባቧ ክፍል ወዲያው በሚያንቅ ሽታ ተሞላች። ዓይኗ እያነባ፣ ሳሉ እያጣደፋት፣ ደግፈን ወደ ግቢ አወጣናት፤ በሩንም መስኮቱንም በርግደን ከፈትን። እስኪመሽ ድረስ ትንፋሿ አልተስተካከለም።

የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለበት ውሃ ነው። አሲድ ሲነካው ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር ወታደሮች የተፈጁበት ያው ጋዝ ነው። ኮምጣጤም ሎሚም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሁለት ማጽጃ ሲቀላቀል ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል የሚለው እምነት በየቤታችን ስለተሰራጨ ይህን ደጋግሜ መናገር አይታክተኝም።

የወንድሜን ሚስት ስናወጣ በተነሳው ጩኸት መሃል የጎረቤታችን ልጅ ሮጣ ደረሰች። ጅዳ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ያ ሁሉ ምክር ሲዥጎደጎድልን እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ወለሉ ምን እንደሆነ ይታወቅ እንጂ፤ ማጽጃው ከዚያ በኋላ ይመጣል» አለችኝ። ግማሽ ሎሚ ይዛ ደረጃው ጋ ሄደች፤ ከማይታይ ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችበት። ጎንበስ ብለን ስናይ ጠብታዋ ጠርዝ ላይ ደቃቅ አረፋ ብቅ ብቅ አለ። ቶሎ በውሃ ጠረገችውና «ይኸው፣ ድንጋዩን እየበላው ነው» አለች። እብነበረድ በባሕርዩ ኖራማ ድንጋይ ነው፤ አሲድ ያሟሟዋል፣ ያደበዝዘዋል፤ የጠፋው ወዝ የሚመለሰው እንደገና ሲሞረድ ነው።

ከዚያ ሥራውን አሳየችን። ማንኛውም ወለል ውሃ ሳይነካው በፊት ይጠረጋል፤ አሸዋ ከውሃ ጋር ሆኖ ሲታሽ ይቧጭራልና። ባልዲው ሁለት ነው፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ አንዱ መወልወያው የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ። ሳሙናው ጥቂት ይሁን፤ ሴራሚክ ላይ የተረፈ ሳሙና ደርቆ ይጣበቅና የእግር ኮቴ ሁሉ ይይዛል። ሥራው ከውስጠኛው ጥግ ይጀመርና ወደ በሩ እየተሸሸ ያልቃል። ጣውላው ጭምቅ ተደርጎ በተጨመቀ ጨርቅ በእንጨቱ መስመር ይወለወላል፣ ደረቅ ጨርቅ ወዲያው ይከተለዋል። የሊሾው አሮጌ ሰም በሙቅ ውሃና ሳሙና በብሩሽ ተፍቆ ይነሳል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም ይቀባና ማዳለጡ እስኪተው ይታሻል። ለእብነበረዱ ለስላሳ ሳሙናና ውሃ በቂው ነው። በረኪናው በሽታ ለሚፈራበት ቦታ ብቻ፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ቀጥኖ፣ መስኮት ተከፍቶ።

ልጅቷ ባለ ረጅም እጀታ መወልወያ ካልተገዛ አልሠራም አለች፤ እውነቷን ነው። መሣሪያው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ቶማስ ስቱዋርት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ለተሻሻለ መወልወያ የፈጠራ መብት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ማኑዌል ሃሎን የተባለ ስፔናዊ መሐንዲስ መወልወያን ከመጭመቂያ ባልዲ ጋር አገናኝቶ አገሩ ላይ አስፋፋ፤ የስፔን ሴቶች ተንበርክከው ወለል ከመፈተግ የተገላገሉት በዚህ ነው። እኛ አገር ግን ዛሬም በየቤቱ ጎንብሳ ጨርቅ የምትገፋ ሴት አለች። ወገቧና ጉልበቷ ሲያልቅ ከቤት ወጪ ደብተር ላይ የሚያሰፍረው የለም።

ከዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ በኋላ የጸና እምነቴ ይህ ነው። ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ማጽጃ የለም፤ ለእያንዳንዱ ወለል የሚስማማው ግን አለ። ያንን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለ ቤቱ ሳይሆን ወለሉን በእጁ የሚነካው ሰው ነው። ስለዚህ ማጽጃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን የምታጸዳላችሁን ሴት ጠይቋት። ማንበብ ካልቻለች ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡላት። በረኪናና አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። መወልወያውንም ስትገዙ ቁመቱን በእሷ ቁመት ለኩት።