የእንግሊዝኛ ቃል ሸምዳጅ፦ ጠባዩና አኗኗሩ

የዚህ ጥናት ናሙና አንድ ሰው ነው፤ የአክስቴ ልጅ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተን ስለኖርን ሌላ ናሙና ለመፈለግ ትዕግሥቱም አልተረፈኝም።

ሸምዳጅ መዝገበ ቃላትን እንደ ዳዊት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይደግማል። ስለዚህ በ«ኤ» ባለጸጋ ነው፤ «ሲ» ላይ ይሳሳል፤ «ዲ» ላይ ይደክመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከአሮጌ መጽሔት ይቃርማል። መጀመሪያ ከሚይዛቸው ቃላት አንዱ «አርድቫርክ» ነው። ቃሉ ከደቡብ አፍሪካ የተገኘ ሲሆን «የምድር አሳማ» ማለት ነው። ናሙናችን እንስሳው ሌሊት ሌሊት እየቆፈረ ምስጥና ጉንዳን እንደሚበላ በእንግሊዝኛ ሲተነትን «አዋልደጌሳ ማለት ነዋ!» ብለው፣ «እሱ ሌላ ነው» አለኝ።

የሸምዳጅ ዋና ችግር ቃል ሳይሆን አጋጣሚ ማጣት ነው። «ዲፌኔስትሬሽን» ሰውን በመስኮት መወርወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 ፕራግ ውስጥ ሁለት ሹማምንትና አንድ ጸሐፊ በዚህ መንገድ ተወርውረው ሦስቱም በሕይወት ተርፈዋል። የእኛ ክፍል ግን ምድር ላይ ናት፤ መስኮቷም የብረት ፍርግርግ አለው። ናሙናችን አሁንም እየጠበቀ ነው። «ፍሎክሲኖሲኒሂሊፒሊፊኬሽን» ደግሞ ከቁብ አለመቁጠር ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ 29 ፊደል አለው። አማርኛ «ንቀት» ብሎ በሦስት ይገላገለዋል።

አንድ ሙከራ አድርጌያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል ይዞ ወጣ፤ ፍቺውም «እፍግታ» ተባለ። እንዲህ ያለ ቃል ግን የለም። የእፍግታ ምሕጻረ ቃል ትልቁ ወይም ትንሹ «ዲ» ነው የሚል ካርድ («D or d») በስህተት እንደ አንድ ቃል ተነብቦ ነው። አዘጋጆቹ የነቁት በ1939 ነው። ይህን ታሪክ ደብቄ ቃሉን ብቻ ለናሙናዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ካፌ ውስጥ «የዛሬ ማኪያቶ ዶርድ በዝቶበታል» አለ። አብረውን የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ያልተለመደ ቃል ጥቅም የለውም የሚሉ አሉ። በመስክ ያየሁት ይህን አይደግፍም። አከራያችን እትዬ የወር ኪራይ ሊጠይቁ መጥተው ናሙናችን አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ኢምፔኪዩኒየስ ነኝ» አላቸው። ገንዘብ የለኝም ማለቱ ነው።

«ውይ ልጄን!» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ።»

«ጸበል ሞክረሃል?»

ሁለት ሳምንት ተራዘመለት። ማታ አጥሚት ተላከለት። ጥናቱ እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ግቢው ውስጥ የእሱ ኩባያ ለብቻው ይቀመጥ ነበር።